የአሥር ቀን ፍቅር



ክረምት ሲቃረብ በየአጥቢያው የሚነበብ አንድ ማስታወቂያ አለ፤ የአጭር ጊዜ የሚሽን ጉዞ። አንዱ ቡድን ወደ ገጠር ይወጣል፣ ሌላው ድንበር ተሻግሮ ወደ ጎረቤት አገር ይሄዳል። ከእነዚህ ጉዞዎች አንዳንዶቹ የሚደረጉት አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ወዳሉበት ማዕከል ነው። እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች ነገሩን ከሁለቱም ወገን እናውቀዋለን። እኛም እንሄዳለን፤ ወደ እኛም ይመጣሉ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ፣ በውጭ ካሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናትም ጭምር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች መጥተው ከልጆች ጋር ይዘምራሉ፣ ፊኛ ይነፋሉ፣ ያቅፋሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ይመለሳሉ።

ማልቀሳቸው የውሸት አይደለም። ወጣት ሆኖ ዕረፍቱን በባሕር ዳርቻ ማሳለፍ ሲችል ለማያውቀው ልጅ የሰጠ ሰው ሊመሰገን እንጂ ሊቀለድበት አይገባም። ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከጉዞ በኋላ በሚቀርበው ምስክርነት ውስጥ አይነሣም። ሰውን ለአሥር ቀን መውደድ ይቻላል? የሚቻል ከሆነስ፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ለዚያ ሰው ያለብን ዕዳ ምንድን ነው?

የሽቱው ዋጋ

ለዚህ ጥያቄ ብዙዎች የሚሰጡት ፈጣን መልስ የገንዘብ ነው። ለአውሮፕላን ቲኬት የወጣው ብር ስንት ዊልቸር ይገዛ ነበር? ስንት ሠራተኛ ይቀጥር ነበር? ሒሳቡ ትክክል ነው፤ መሠራትም አለበት። ሆኖም ይህን መከራከሪያ ቀና ብለን ከመናገራችን በፊት ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12ን እናስታውስ። ሽቱው ተሸጦ ለድሆች ይሰጥ ነበር ያለው ይሁዳ ነው፤ ወንጌላዊውም ይህን ያለው ለድሆች ስለሚገደው እንዳልሆነ ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። በሰው ሽቱ ዋጋ መቆጨት ድሃን መውደድ አይደለም። "ገንዘቡን ቢልኩልን ይሻል ነበር" የሚል ሰው በሰፈሩ ላለ አንድ አካል ጉዳተኛ ልጅ አንድ ብር አውጥቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከገንዘቡ አንጀምር። ከልጁ እንጀምር። ልጁ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? የሚያስፈልገውስ ነገር ስንት ጊዜ ይወስዳል?

አራት ዓመት የሚፈጅ እግር

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። ሲወለዱ እግራቸው ወደ ውስጥ የተቆለመመ ሕፃናት አሉ። ቀድሞ ብዙዎቹ እንደዚያው ያድጉ ነበር፤ በእግራቸው ጠርዝ፣ አንዳንዴም በእግራቸው ጀርባ እየረገጡ። ዛሬ ግን በአብዛኛው ይስተካከላል። ሕክምናው ስፔን ተወልደው በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ በሠሩት በዶክተር ፖንሴቲ ስም ይጠራል፤ በአገራችንም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው የክዩር የሕፃናት ሆስፒታል ከሚታወቅባቸው ሕክምናዎች አንዱ ይኸው ነው።

አሠራሩን ልብ በሉ። የሕፃኑ እግር በእጅ በዝግታ እየተገራ በጀሶ ይታሰራል። በየሳምንቱ ጀሶው ይፈታል፣ እግሩ ጥቂት ይቃናል፣ እንደገና ይታሰራል። ይህ ለበርካታ ሳምንታት ይደጋገማል። ከዚያ ለአብዛኞቹ ልጆች የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቃል። ይህን ያየ ሰው "ተፈጸመ" ይላል፤ ፎቶም የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ሥራው ግን ገና ነው። ሕፃኑ በብረት የተያያዘ ልዩ ጫማ ይደረግለታል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቀንም ሌሊትም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ በእንቅልፍ ሰዓት፣ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ያደርገዋል። ጫማው ከቀረ እግሩ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል።

እንግዲህ ያን ልጅ ያገለገለው ማን ነው? ሐኪሙ አገልግሏል፤ ዘዴውን ያስተማረውም አገልግሏል። ግን ልጁ እያለቀሰ፣ ጎረቤት "ልጁን ለምን ታሠቃይዋለሽ?" እያለ፣ በየሌሊቱ ጫማውን ያጠለቀችለት እናቱ ናት። ከሺህ ሌሊት በላይ። ያ ልጅ እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲሄድ የምናየው የእርሷን ሺህ ሌሊት ነው።

ከዚህ የምንማረው የአጭር ጊዜ ጉዞ ዋጋ የለውም የሚለውን አይደለም። ዘዴውን ለአገሬው ባለሙያ ለማስተማር የመጣ ሐኪም ቢቆይ ሁለት ሳምንት ነው፤ ሲሄድ ግን በሰው እጅ ላይ የሚቀር ነገር ትቶ ይሄዳል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ራሳችንን "ስንት ቀን ቆየን?" ብቻ ሳይሆን "ስንሄድ ምን ቀረ?" ብለን እንጠይቅ። እናቲቱን ያገዘ ነገር ቀርቷል? ወይስ የቀረው ፊኛው ነው?

በማዕከል የሚኖር ልጅ ደግሞ ሌላም ነገር ይቀርበታል። በየክረምቱ አዲስ ሰው ይመጣል፤ ያቅፈዋል፤ ስሙን ይማራል፤ "እወድሃለሁ" ይለዋል፤ ይሄዳል። ለእኛ አንድ ስንብት ነው። ለእርሱ ግን አሥረኛው ወይም ሃያኛው ይሆናል። ቶሎ የሚለምድን ልጅ አይተን "እንዴት ፍቅር የሆነ ልጅ ነው!" እንላለን። ማንም ስለማይቆይ ለሁሉም እኩል መጠጋትን የተማረ ልጅ ሊሆን እንደሚችል ግን አናስብም።

የፈሪሳዊው ምስጋና

ከጉዞ የተመለሱ ወጣቶች መድረክ ላይ ወጥተው የሚናገሩትን ታውቃላችሁ። "ሕይወቴን የለወጠ ጉዞ ነበር። ያለኝን ነገር እንዳደንቅ አደረገኝ። ጤነኛ ስላደረገኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።" ጉባኤው "አሜን" ይላል።

ለጤና ማመስገን ኃጢአት አይደለም። ምስጋናው የቆመበትን መሠረት ግን እንመርምር። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ውስጥ አንድ ሰው ወደ መቅደስ ወጥቶ እንደ ሌላው ሰው ስላልሆነ አመሰገነ፤ ጌታም ያን ምስጋና አልተቀበለለትም። ፈሪሳዊው ያነጻጸረው ምግባሩን ነው፤ እኛ የምናነጻጽረው አካላችንን ነው። ሁለቱም ምስጋናዎች ግን ከበታች የሚቆምላቸው ሰው ይፈልጋሉ። ያ ልጅ አማርኛ ሰምቶ ምስክርነታችንን ቢያዳምጥ ስለ ራሱ ምን ይማራል? የእርሱ ኑሮ የእኛን ኑሮ ደህና የሚያስመስል መለኪያ መሆኑን ነው።

ልጅ የማንም ማስተማሪያ መሣሪያ አይደለም። እኔን ለማለስለስ፣ እኔን ለማሳደግ፣ የእኔን ራእይ ለማቀጣጠል አልተፈጠረም። በእርግጥ ሰውን ያገለገለ ሰው ራሱም ይታነጻል፤ ጳውሎስም በሮሜ ምዕራፍ 1 ውስጥ ወደ ሮም ሰዎች መሄድ የሚናፍቀው ሊሰጣቸው ብቻ ሳይሆን እርስ በርስ ሊጽናኑ መሆኑን ይናገራል። ልብ በሉ፤ እርስ በርስ ነው። እኔ ከእርሱ የተጽናናሁትን ያህል እርሱ ከእኔ ካልተጽናና፣ ከድሃው ወስጄ ተመልሻለሁ ማለት ነው።

ፎቶም እንደዚሁ ነው። የገዛ ታናሽ እህታችሁን ለሃጯ ሲፈስ፣ ልብሷ ተገልጦ፣ በቴሌግራም ትለጥፏት ነበር? ካልሆነ የሌላውን እህት ለመለጠፍ የፈቀደላችሁ ማን ነው? ጌታ በተራራው ስብከት ምጽዋት ስናደርግ ቀኝ የምታደርገውን ግራ እንዳታውቅ አስተምሮናል። እኛ ግን ቀኛችን ሲሰጥ ግራችን ስልክ ይዞ ይቀርጻል።

ያልተፈወሰው በማዕዱ ላይ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። በአገራችን አካል ጉዳተኛ ልጅ የወለደች እናት የመጀመሪያ ሸክሟ የልጁ አካል አይደለም። "ምን አድርጋ ነው?" የሚለው ሹክሹክታ ነው። እርግማን ነው፣ የአያቶች ኃጢአት ነው እየተባለ ልጅ ከእንግዳ ዓይን ይደበቃል፤ ጓዳ ውስጥ ያድጋል። ደቀ መዛሙርቱም በዮሐንስ ምዕራፍ 9 ውስጥ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ እርሱ ነው የበደለው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አለ። ጥያቄያቸውን መለሰ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ነቀለው።

እኛ ወንጌላውያን የእርግማኑን ወሬ ትተናል እንላለን። ነገር ግን ሌላ ሸክም እንጨምራለን። ልጁ በየኮንፈረንሱ መድረክ ላይ ይወጣል፤ ይጸለይለታል። በፈውስ እናምናለን፤ መጸለይም ይገባናል። ልጁ ካልተፈወሰ ግን "እምነት ጎድሏል" ተብሎ ጥፋቱ ወደ እናቲቱ ይመለሳል። ቀድሞ ኃጢአተኛ ትባል የነበረች እናት አሁን እምነት የለሽ ተባለች። ስሙ ተለወጠ እንጂ ሸክሙ ያው ነው። ልጁስ? ሲፈወስ የሚመሰክርበት ቦታ በመድረኩ ላይ ተዘጋጅቶለታል። ሳይፈወስ የሚቀመጥበት ቦታ ግን በሰንበት ትምህርት ክፍል ውስጥ የለውም።

ሜምፊቦስቴን አስታውሱ። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ ሁለቱም እግሮቹ ሽባ ሆኑ። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9 ዳዊት ፈልጎ አስመጣው። አልፈወሰውም፤ አይችልምም። ሦስት ነገር ግን አደረገለት። በስሙ ጠራው፤ የአያቱን የሳኦልን ርስት መለሰለት፤ ከማዕዱ አስቀመጠው። ምዕራፉ የሚያበቃው ሜምፊቦስቴ ሁልጊዜ ከንጉሡ ማዕድ ይበላ እንደ ነበርና ሁለት እግሩም ሽባ እንደ ነበረ በመናገር ነው። ጸሐፊው ሽባነቱን አልደበቀም፣ አላፈረበትምም። ማዕዱና ሽባው እግር በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ተቀምጠዋል።

በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ "ሁልጊዜ" የሚለው ቃል ነው። ዳዊት ሜምፊቦስቴን ለአሥር ቀን ግብዣ አልጠራውም።

በየቀኑ የተከፈተ በር

ይህ "ሁልጊዜ" በአገራችን ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። የትነበርሽ ንጉሤ በወሎ አማራ ሳይንት ተወልዳ በአምስት ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ እንዳዳናት ራሷ ተናግራለች፤ በዚያ ምክንያት ለትምህርት ተላከች። በሻሸመኔ ባለው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች፤ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመሥራቷም እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ከተሰጣቸው አንዷ ሆነች። እርሷን ለዚህ ካበቋት ነገሮች አንዱ በሩ በየጠዋቱ የሚከፈት ትምህርት ቤት ነው። ሰኞም፣ ዝናብ ሲዘንብም፣ ጎብኚ በሌለበትም ቀን።

ዘሚ የኑስን ደግሞ አስቡ። ኦቲዝም ያለበትን ልጇን የሚይዝላት ትምህርት ቤት ስታጣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረተች። ሩቅ አልሄደችም፤ ከገዛ ልጇ ጀመረች። በዚያ ጊዜ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ የሚናገር ሰው ብርቅ ነበር። እርሷ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ የከፈተችው በር ግን ለሌሎች እናቶችም በር ሆኗል።

እንግዲህ ከደጃፋችን እንጀምር ብል አዲስ ነገር አልተናገርኩም። በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት አስቡ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ሁለት ዓመቱ ሳለ አዝላው ትወርድ ነበር። ልጁ አደገ፤ ደረጃው ግን አልቀነሰም፤ ሊፍት የለም። አሁን ልጁ ከመስኮት ባሻገር የሚያየው ሰማይ ብቻ ነው። እናቲቱ ምናልባት የእኛው አጥቢያ አባል ናት። አምልኮ ከተካፈለች ዓመታት አልፈዋል፤ መጥታም ከሆነ ልጁ ሲጮህ ሰው ዞር ብሎ ስላያት ከአዳራሹ ውጭ ቆማ ነው የሰማችው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። የእኛ አዳራሽ በር ላይ ስንት ደረጃ እንዳለ ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ?

በማርቆስ ምዕራፍ 2 አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጡ፤ በሩ ሲዘጋባቸው ጣራ ነደሉ። ጌታ ያየው የእነርሱንም እምነት ነው። ሒሳቡን እንሥራ። የወጣት ሕብረታችሁ አሥራ ሁለት ሰው ቢኖረው አራት አራት ሆናችሁ በሦስት ምድብ ትከፈላላችሁ። እያንዳንዱ ምድብ በየሦስተኛው እሑድ ተራ ይደርሰዋል። ይህ ለአንድ ሰው በዓመት አሥራ ሰባት እሑድ ገደማ ነው። አራቱ ልጁን በጥንቃቄ ያወርዱታል። እንዴት እንደሚያዝ ግን አስቀድመው ከእናቱና ከፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይማራሉ። ሁለቱ በሰንበት ትምህርት ክፍል አብረውት ይቀመጣሉ፤ ብቻውን ከአንድ ሰው ጋር አይተዉትም። እናቲቱም ከዓመታት በኋላ ቁጭ ብላ ታመልካለች። ፓስፖርት አይጠይቅም፤ ቪዛ አይጠይቅም። የሚጠይቀው በአሥራ ሰባተኛው እሑድም፣ ማንም በማያጨበጭብበት ጊዜ፣ መገኘትን ነው።

ታዲያ አንሂድ?

"እንደዚህ ከሆነማ ማንም የትም አይሄድም፤ የሰፈር ሥራ መቼ ያልቃል?" የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ አያልቅም። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያንም የራሷ ሥራ አልቆ አልነበረም በርናባስንና ሳውልን የላከችው። ነገር ግን እነማንን እንደ ላከች እዩ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደምናነበው እነዚያ ሁለቱ በከተማይቱ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩ የቆዩ ናቸው። መንፈስ ቅዱስ ለይቶ የጠራቸው በቤት እያገለገሉ ሳሉ ነው። በኋላም ጳውሎስ በምዕራፍ 15 ውስጥ ቃሉን ወደ ሰበኩባቸው ከተሞች ተመልሰው ወንድሞችን እንዲጎበኙ ይጠይቃል። ሄደው አልረሱም፤ ተመለሱ።

ስለዚህ ሂዱ። ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ እንድንመጣ የጠየቀን ማን ነው? እኛ መሄድ ስለፈለግን ነው ወይስ በዚያ ዓመቱን ሙሉ ከልጆቹ ጋር የሚውሉት ሰዎች "ይህ ያስፈልገናል" ስላሉን? የሚያስፈልጋቸው ግድግዳ የሚቀባ ወይም ልብስ የሚያጥብ ሰው ከሆነ፣ ማቀፍ አምሮን ማጠብን አንናቅ። ሁለተኛ፣ ስንመለስ ምን ይቀራል? የሠለጠነ እጅ፣ የተጠገነ ዊልቸር፣ ያረፈች እናት፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቋረጥ ድጋፍ፣ ወይስ ትዝታ ብቻ? ሦስተኛ፣ እዚያ ልናደርግ የተነሣነውን እዚህ እያደረግን ነው? በአቃቂ መስማት የተሳነውን ጎረቤቱን በምልክት ቋንቋ "እንደምን አደርክ" ማለት ያልተማረ ሰው፣ በሌላ አገር መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚነግረው ነገር ገና አልተዘጋጀም።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሰውን ለአሥር ቀን መውደድ ይቻላል? ፍቅር በአሥር ቀን ሊጀመር ይችላል ብዬ አምናለሁ። ብዙ መልካም ነገር የተጀመረው በአጭር ጉብኝት ነው። ነገር ግን አሥሩ ቀን ፍቅር መሆኑ የሚታወቀው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዘመድ ሲታመም አንድ ቀን ጠይቀን አናበቃም፤ እስኪሻለው እንመላለሳለን፤ ካልተሻለውም ማስታመማችንን አናቆምም። ክርስቶስም ሊጎበኘን ብቻ አልመጣም፤ ሥጋ ሆኖ በእኛ ዘንድ አደረ፤ ወደ አባቱ ሲሄድ እንኳ ብቻችንን አልተወንም።

በሚቀጥለው የሕብረታችሁ ስብሰባ ላይ አንድ አጀንዳ ጨምሩ። በአጥቢያችን ጓዳ ውስጥ ያለ፣ ስሙን የማናውቀው ልጅ አለ? ካለ መጀመሪያ ስሙን ጠይቁ። ከዚያ እናቱን ምን እንደሚያስፈልጋት ጠይቁ፤ እስክትጨርስም አድምጡ። የጉዞውን ምዝገባ ከዚያ በኋላ መክፈት ይቻላል።

ጸጋ ይብዛላችሁ።